ከሐረር ወደ ድሬዳዋ፣ ከሯጮች ስንቅ ጋር

ከሐረር በጠዋት ተነሥተን ወደ ድሬዳዋ የወረድነው ከጥቂት የማራቶን ሯጮችና ከአሠልጣኛቸው ጋር ሲሆን፣ የእኔ ሥራ የሚበሉትንና የሚጠጡትን መከታተል ነበር። አሠልጣኙ የፈለገው ሙቀቱን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል እኩለ ሌሊት ላይ ቢጀመርም፣ ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጥተዋል፤ ደጋ ለደጋ ብቻ የተለማመደ ሯጭ በእንዲህ ያለ አየር ምን ያህል እንደሚያልበውና ሆዱ ምን እንደሚቀበል ቀድሞ ሳያውቅ መሄድ የለበትም።

አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው ደርቶ ነበር። ከሯጮቹ የሚቅም እንደሌለ ባውቅም፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በውድድር ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ እንደሚያስቀጣ ደግሜ ነገርኋቸው። ሥጋም ቢሆን ያስጠይቃል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ከተመረመሩት 208 ናሙናዎች በ109ኙ ክሌንቡተሮል የተባለው የተከለከለ መድኃኒት የተገኘው ልጆቹ በበሉት የተበከለ ሥጋ ምክንያት ነበር።

የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ስንገባ ፀሐይዋ ከርራ ነበር። ቁርስ የበላንበት ቤት ባለቤት ሯጮቹ ነጭ ዳቦ በማርና ሻይ ብቻ ማዘዛቸውን አይታ፣ «አቦ፣ ሯጭ እንዲህ ይበላል እንዴ? ፈጢራ በእንቁላል ልሥራላችሁ እንጂ!» አለች። ፈጢራው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘይት የበዛበት ምግብ ከሆድ ቶሎ ስለማይወርድ ከሩጫው በኋላ እንዲሆን ተስማማን።

ሯጮቹን ከሩጫው በፊትና በኋላ መዘንናቸው። ከክብደቱ ከ2 ከመቶ በላይ ያጣ ሰው አቅሙ ይደክማል፤ ክብደት ጨምሮ የተመለሰ ደግሞ ከሚገባው በላይ ስለጠጣ የደሙ ጨው ይቀጥናል፣ ይህም ከጥማቱ የባሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በትልልቅ ማራቶኖች ታዋቂ ሯጮች የየራሳቸውን ኮዳ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከጠረጴዛ ላይ ስለሚያነሡ፣ እኛም መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘረጋን። አንዷ ሯጭ በሶ ከማርና ከጥቂት ጨው ጋር በጥብጣ ነበር፤ በሶው እየጓጎለ የኮዳውን አፍ ስለደፈነባት እየሮጠች በጥርሷ ትታገለው ጀመር። ቀጣዩን በነጠላ ጨርቅ አጥልለን አቀጠንነውና ያለ ችግር ወረደላት። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ምክር ሲሆን፣ እስከ 90 ግራም የሚችለው ግን በልምምድ የተገራ አንጀት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታችን ወደ ጾም ዞረ፤ በቡድኑ ውስጥ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም አሉና። የ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ ሙሉ በሙሉ በረመዳን ውስጥ የዋለ ሲሆን፣ የፓሪሱ የወንዶች ማራቶን ደግሞ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለትም በፍልሰታ ጾም ተሮጠ። የኦሎምፒክ መንደር መመገቢያ አዳራሽ ቀንና ሌሊት ክፍት መሆኑ ለሱሁር፣ ማለትም ጾመኛው ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ፣ ይጠቅማል፤ ለፍልሰታ የሚሆን ሩዝ፣ ፓስታና ጥራጥሬም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በፓሪስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቁላልና ሥጋ አንሶ ስፖርተኞች አቤቱታ ማቅረባቸው አይዘነጋም፤ በእኔ እምነት ቡድኑ የራሱን ስንቅ ሳይዝ በአዳራሹ ብቻ መተማመን የለበትም።

ማታ ከአሠልጣኙ ጋር ወደ ውድድር የሚሄደውን የስንቅ ዝርዝር ጻፍን። የተነፋ በሶ፣ ማርና ጨው ይሄዳሉ። ቋንጣና ቅቤ ግን ይቀራሉ፤ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲገባ አይፈቀድለትምና። አሠልጣኙ ስለ ቅቤው ብዙ ተከራከረኝ።