ልጆች አድገው የሚመጡበት ገና

ልጆች ካደጉ በኋላ የሚከበረው ገና ትንንሾች ሳሉ ይከበር ከነበረው ፈጽሞ የተለየ በዓል ነው ብዬ አምናለሁ። በልጅነታቸው በዓሉ የወላጅ ነበር፤ ማን እንደሚጠራ፣ መቼ ማዕድ እንደሚቀርብ፣ ማን የት እንደሚተኛ የምንወስነው እኛ ነበርን፤ እነርሱም ያዘጋጀንላቸውን በደስታ ይቀበሉ ነበር። ዛሬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቤትና ሥራ፣ አንዳንዶቹም ትዳርና ልጆች ስላሏቸው ወደ እኛ የሚመጡት ግድ ሆኖባቸው ሳይሆን ወድደው ነው። ይህን ከልቡ የተቀበለ ወላጅ የበዓሉ ደስታ እንደማይጎድልበት፣ እንዲያውም ከቀድሞው እንደሚጠልቅለት በቤቴ አይቼዋለሁ።

አብዛኛው ቅሬታ የሚነሣው በቀኑ ላይ ነው። ልጅ ሲያገባ የትዳር ጓደኛው ወላጆችም በዚያው ቀን ይጠብቁታል፤ ያገቡ ልጆቹ በበዙ ቁጥር ወላጅ ያንን አንድ ቀን የሚካፈላቸው ቤተሰቦች ይበዛሉ። ከዚህም አልፎ ልጆች የትዳር ጓደኛቸውን ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲመርጡ የልደት ቀን ራሱ ሁለት ይሆናል። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ልደትን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ያከብራሉ፤ የጁልያንን ወይም ከእርሱ ጋር የሚስማማ አቆጣጠር የሚከተሉት ደግሞ ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ፤ የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ ጃንዋሪ 6 ታከብራለች። በዲሴምበር 25ና በጃንዋሪ 7 መካከል ያለው ልዩነት የመነጨው የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ካደረጉት የአቆጣጠር ማሻሻያ ነው፤ ያን ጊዜ 10 ቀን የነበረው ልዩነት ዛሬ 13 ደርሷል፣ በ2100 ደግሞ 14 ይሆናል። ዩክሬን በ2023 የበዓሉን ሕጋዊ ቀን ከጃንዋሪ 7 ወደ ዲሴምበር 25 ባዛወረች ጊዜ በየቤቱ የነበረውን ውይይት መገመት አያዳግትም። ልደት ዲሴምበር 25 በሮም ይከበር እንደነበር የሚያሳየው የታወቀው ጥንታዊ ማስረጃ የ336 ነው፤ ወንጌላውያኑ ግን ዕለቱን አልጻፉልንም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ቀኑን ለማቃለል አይደለም፤ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ የሚያስቀረኝ ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ሆኖም የቤተ ክርስቲያኑ ቀንና ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ቀን የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ከተመካከርን ወዲህ ሁላችንም የምንገናኘው ለበዓሉ በሚቀርበው ቅዳሜ ነው፤ ዋናውን ዕለት እያንዳንዱ ወደሚፈልግበት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የልጄ ሚስት በእናቷና በእኛ መካከል መምረጥ ቀርቶላት፣ ቅዳሜ ስትመጣ ሰዓቷን እያየች የምትቀመጥ ሰው አልሆነችም። ይህ ለእኔ በዕለቱ ከተቀመጠ ሙሉ ማዕድ ይበልጥብኛል።

ስለ ግብዣው አነጋገርም ማሰብ ያስፈልጋል። «ትመጣላችሁ አይደል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ስለሆነ፣ ልጁ እምቢ ቢል ወላጁን ያስቀየመ፣ እሺ ቢል ደግሞ የተገደደ ይመስለዋል። «ዘንድሮ ለበዓሉ ምን አስባችኋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ለእነርሱም የራሳቸው ዕቅድ ሊኖራቸው እንደሚችል ያሳያል። ጥያቄው ቀደም ብሎ ቢቀርብ ደግሞ ይመረጣል፤ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቁትና የጉዞ ትኬት የሚቆርጡት ከወራት በፊት ነው። «ባትመጡም ቅር አይለንም» ካልን ደግሞ እንደ ቃላችን መገኘት አለብን። በስልክ እንዲህ ካልን በኋላ ለታናሽ እህቱ «ወንድምሽ እኮ ረሳን» ብለን ማስተላለፍ የተናገርነውን መልሶ መብላት ነው።

የሥራ ጠባይም አለ። አንዷ ልጄ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ በመሆኗ የበዓል ሌሊት ተረኛ የምትሆንባቸው ዓመታት አሉ። በእንዲህ ያለ ዓመት የሉቃስ ወንጌልን ሁለተኛ ምዕራፍ ሳነብ አንድ ነገር ያጽናናኛል፦ የልደቱ የምሥራች በመጀመሪያ የደረሳቸው በሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች ነው። እረኞቹ መንጋቸውን ሲጠብቁ ያደሩ ነበሩ። ዮሴፍና ማርያምም ቢሆኑ ከቤታቸው ርቀው፣ በመንግሥት ትእዛዝ ለመመዝገብ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ተጉዘው ነበር። ስለዚህ ተረኛ የሆነች ልጅ ከበዓሉ የጎደለች አይደለችም። ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ ከሥራ ወጥታ እንቅልፏን እስክትጨርስ ድረስም ማንም እንዳይደውልላት ለወንድሞቿ አሳስቤያለሁ።

ከመጡ በኋላ ያለውን ጊዜ በተመለከተ የማምነው ነገር ቢኖር፣ ያደገን ልጅ እንደ እንግዳ አስቀምጦ ማስተናገድ እንደሚያርቀው ነው። እናት ከጠዋት እስከ ማታ ማድ ቤት ቆማ፣ ልጆች ሳሎን ተደርድረው «እማዬ፣ ኧረ ተቀመጪ» እያሉ የሚውሉበት በዓል ለማንም ዕረፍት አይሆንም። ሥራውን መካፈል ማለት ደግሞ እኔ ያቀድኩትን እነርሱ እንዲፈጽሙ ማዘዝ አይደለም፤ አንዱን ነገር ከነኃላፊነቱ መስጠት ነው። ምግቡን የያዘው ሰው ምን እንደሚሠራ ይወስናል፤ እኔ ከጀርባው ቆሜ ክዳን አልከፍትም። በእኛ ቤት ጸሎቱን የሚመራው፣ ወንበር የሚያሟላው፣ ለልጆች ጨዋታ የሚያዘጋጀው ሰው በየዓመቱ ይለዋወጣል። አንዱ ዓመት ከሌላው ቢያምር ባያምር ችግር የለውም፤ ሁሉም የራሱ እጅ ያለበት ነገር ስለሚያይ ቤቱን ቤቴ ይላል።

ከሁሉ በላይ የምወደውም ከማዕዱ በኋላ ያለውን የሥራ ሰዓት ነው። ባለፈው ገና ማታ ሌሎቹ ሳሎን ሲጫወቱ ትልቁ ልጄ እጅጌውን ጠቅልሎ ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ እኔም ፎጣ ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። እርሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ፤ ሁለታችንም ዓይናችን ከሳህኑ ላይ ነው። ጥቂት ከሠራን በኋላ ቀና ሳይል «እማዬ፣ ሥራዬን ልለቅ አስቤያለሁ» አለኝ። የያዝኩት ብርጭቆ ደርቆ ሳለ እንደገና ማድረቄን ቀጠልኩ። «ምን ሆነህ ነው?» ከማለት «ከመቼ ጀምሮ ታስበዋለህ?» ማለቱ የተሻለ ስለመሰለኝ እንዲያ ጠየቅሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አጫወተኝ፦ አለቃው ሲቀየር ምን እንደተሰማው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንደሚነሣው፣ ለሚስቱ እንኳ ገና ሁሉን እንዳልነገራት። የአረፋው ውኃ ቀዝቅዞ ሌላ ውኃ አሞቅን። ይህን ጉዳይ ወንድሞቹና እህቶቹ በተቀመጡበት ማዕድ ላይ «ሥራ እንዴት ነው?» ብዬው ቢሆን ኖሮ «ደህና ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር። ያደጉ ልጆች ዓይን ለዓይን ተያይተው ከሚያወሩት ይልቅ ጎን ለጎን ቆመው የሚያወሩት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሳህን አጣቢ ማሽን ቢኖርም አንዳንዱን ዕቃ በእጅ ብናጥበው እመርጣለሁ።

ወንድማማችና እህትማማች ሲሰበሰቡ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ የልጅነት ቦታቸውን ይይዛሉ። ትልቁ ማዘዝ ይጀምራል፤ በመሥሪያ ቤቷ ብዙ ሠራተኞችን የምትመራው ታናሽ እህት ወደ እናቷ ሳሎን ስትገባ ሐሳቧን የሚሰማት ታጣለች። ይህን ለማስተካከል ወላጅ ብዙ ማድረግ አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ዋናው ነገር ራሱ በመካከላቸው አለመግባት ነው። የቤተሰብ ግንኙነትን በማጥናት የታወቀው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሙሬይ ቦወን፣ በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ አንዳቸው ሦስተኛ ሰው ስቦ በማስገባት ውጥረቱን ማቅለል እንደሚሞክር አስተምሯል፤ ይህንንም ሦስት ማዕዘን ብሎ ይጠራዋል። በበዓል ሰሞን የዚህ ሦስት ማዕዘን ሦስተኛ ጫፍ ብዙ ጊዜ እናት ናት። አንዱ ልጅ ስለ ሌላው ሊያማርር ወደ ማድ ቤት ሲመጣ የሚሻለው «ይህን ለእርሷ ንገራት፤ እኔ አላደርስልህም» ብሎ በፍቅር መመለስ ነው። መጀመሪያ ይከፋዋል፤ ኋላ ግን ሁለቱ በረንዳ ላይ ወጥተው ሲነጋገሩ ታያለህ።

አንዳንድ ጥያቄዎችንም ለማዕዱ ባናቀርባቸው መልካም ነው። መቼ ታገባለህ፣ መቼ ትወልጃለሽ፣ ደመወዝህ ስንት ደረሰ፣ ለምን ወፈርሽ የሚሉት ከፍቅር የሚመነጩ ቢሆኑም ሰው በተሰበሰበበት ሲነሡ ያሸማቅቃሉ። ልጅ ሳይወለድላቸው ዓመታት ላለፏቸው ባልና ሚስት፣ ወይም ሥራውን አጥቶ ለማንም ላልተናገረ ወንድ ልጅ፣ አንዲት እንዲህ ያለች ጥያቄ የበዓሉን ቀሪ ሰዓት ልትበላበት ትችላለች። አክስቶችና አጎቶች ሲጠይቁ ደግሞ ወሬውን ወደ ሌላ ማዞር የወላጅ ድርሻ ነው።

የልጅ ልጆች ካሉ ሕጋቸው የወላጆቻቸው ሕግ ነው። መቼ እንደሚተኙ፣ ስልክ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዙ የሚወስኑት እናትና አባታቸው ናቸው፤ «በዓል ነው፣ ተዋቸው» ብሎ በልጅ ፊት መሻር ያሳደግነውን ሰው ማዋረድ ነው። ስጦታን በተመለከተ ለትንንሾቹ ሁላችንም እንሰጣለን፤ አዋቂዎቹ ግን ዕጣ አውጥተው እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል፤ የወጪ ጣሪያውንም ገቢው ዝቅተኛ የሆነው እንዳይቸገር ቀድመን እንስማማለን። ያገባ ልጅ ሆቴል ማደር ቢመርጥ ወይም ከሁለት ሌሊት በላይ አልቆይም ቢል፣ የመሄጃው ቀን አስቀድሞ መታወቁ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ያለዚያ የመጨረሻው ቀን በልመና ያልፋል።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ተጣልቶ የቀረ ልጅ አለ፤ ይህ እጅግ የሚያም ነገር ስለሆነ በቀላሉ መናገር ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ሐዘን ላለበት ወላጅ የምለው፣ በበዓሉ ዋዜማ አጭር መልእክት ይላክ ነው፤ ወቀሳም፣ «እናትህ ታማለች» የሚል ማስፈራሪያም፣ መልስ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገርም አይኑርበት። እንኳን አደረሰህ፣ እንወድሃለን፣ በሩ ክፍት ነው ማለት ይበቃል። በዓመቱም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

ያ የሉቃስ ምዕራፍ በግርግሙ እንደማያበቃ ብዙዎቻችን አናስተውልም። መጨረሻው ላይ ሕፃኑ 12 ዓመት ሞልቶት፣ ከፋሲካ በዓል ሲመለሱ ወላጆቹ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄደው፣ ከዘመዶቻቸው ዘንድ ፈልገው አጥተው፣ ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ ከመምህራን መካከል ተቀምጦ ያገኙታል። እናቱ እንዴት እንደተጨነቁ ትነግረዋለች፤ እርሱ የመለሰላቸውን ግን አላስተዋሉትም። ወንጌሉ ከዚህ በኋላ እናቱ ይህን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር ይላል እንጂ እስኪገባት ድረስ ተከራከረች አይልም። የልጆቼ ምርጫ በማይገባኝ ጊዜ፣ ማለትም ለምን ያን ከተማ መረጡ፣ ለምን ያን ሙያ ተዉ ስል፣ ይህችን እናት አስባለሁ። የወለድነው ልጅ ለእኛ ብቻ እንዳልተወለደ የልደቱ ታሪክ ራሱ ይናገራል።

ዘንድሮ ቅዳሜው በእኛ ቤት አይሆንም። ሁለተኛዋ ልጄ «አባዬና አንቺ እኔ ጋ ትመጣላችሁ፤ ሁሉንም እኔ ጠርቻለሁ» ብላ ቀደም ብላ ነግራናለች። ቤቷ ከእኛ ያነሰ ስለሆነ ወንበር እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ይሁንና ማሰቡን ለእርሷ ትቼዋለሁ። ምን ይዘን እንምጣ ብዬ ስጠይቃት ተጣጣፊ ወንበሮቹንና የአያቷን ትልቁን የገበታ ጨርቅ ብቻ አለችኝ። ጨርቁን አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ ወንበሮቹን ደግሞ ባለቤቴ ዓርብ ማታ መኪናው ላይ ይጭናቸዋል።