የአሮጌ ስፖርት መኪናን ፍሬን ለውድድር መም ማዘጋጀት፦ ከዲስኩ ስፋት በፊት ሙቀቱ

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። በውድድር መም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በነዳኋት ዕለት፣ በአምስተኛው ዙር፣ ረጅሙ ቀጥታ አልቆ ወደ ኩርባው ስቃረብ ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ እግሬን ሳይቋቋም እስከ ወለሉ ድረስ ገባ። ደጋግሜ እየረገጥኩና ማርሽ እየቀነስኩ ከኩርባው ውጪ በተነጠፈው ጠጠር ላይ ቆምኩ፤ ሰውም መኪናም አልተጎዳም። መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ ግን ያንኑ ፔዳል ከሞላ ጎደል እንደ ቀድሞው ጠንክሮ አገኘሁት። ከድንጋጤው ይልቅ ይህ አሳሰበኝ፤ የተሰበረ ዕቃ በራሱ አይጠገንምና።

በዚያ ሰሞን የመጣልኝ ሐሳብ ትልልቅ ዲስኮች (ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩ የብረት ሳህኖች) እና ባለ አራት ፒስተን ካሊፐሮች (በዘይት ግፊት ሸራውን ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቁ መያዣዎች) ገዝቶ መግጠም ነበር። ይህን ባደርግ ኖሮ የችግሬን ምንጭ ሳልነካ አልፍ ነበር። መም ላይ ፍሬን አልይዝ ሲል ምክንያቱን እግር ራሱ ይናገራል። ፔዳሉ እንደጠነከረ ሆኖ የቱንም ያህል ቢረገጥ መኪናው የማይቆም ከሆነ፣ ሸራው (ዲስኩን እየጨበጠ የሚያቆመው ንጣፍ) ከሚችለው በላይ ግሎ የመያዝ ኃይሉን አጥቷል ማለት ነው። ፔዳሉ ልል ሆኖ ወደ ታች ከሄደ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው፤ ፈሳሽ በግፊት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ በመሆኑም የእግራችን ኃይል ፒስተኑን በመግፋት ፋንታ አረፋውን በማመቅ ያልቃል። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

ፍሬን የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ያ የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ነጂዋን ጨምሮ 1,100 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ከ800 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ሙቀቱ በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደ ዲስኮቹ፣ አብዛኛውም ወደ ፊተኞቹ ይገባል፤ ከዚያም ከዲስክ ወደ ሸራ፣ ከሸራ ወደ ፒስተን፣ ከፒስተን ወደ ዘይቱ ይሻገራል። በተራ መንገድ ላይ ዲስኩ እስከሚቀጥለው ፍሬን ድረስ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አለው፤ መም ላይ ግን ያ ጊዜ የለም። ዲስክ ፍሬን ራሱ ታምቡሩን (ሸራው ከውስጥ የሚገፋውን፣ ከበሮ መሰል የቀድሞ ፍሬን) ከውድድር ያስወጣው በዋነኛነት ሙቀትን በተሻለ ስለሚያስወግድ ነው፤ ጃጓር ሲ-ታይፕ እ.ኤ.አ. በ1953 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ማሸነፉ ይህን ለሁሉም አሳይቷል።

ስለዚህ የጀመርኩት ከዘይቱ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ በገባበት መጠን ደግሞ የመፍያው ነጥብ ይወርዳል። ዶት 4 የተባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠይቃል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 5.1 እነዚሁ ቁጥሮች 260 እና 180 ናቸው። ግልጽ ቱቦ በካሊፐሩ ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ሰክቼ፣ ፔዳሉን ሰው እያስረገጥኩ አሮጌውን ዘይት ሳወጣ፣ መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ቡናማና ደለል የያዘ ነበር፤ ብዙ ቆይቶ አዲሱ ጥርት ያለ ዘይት በቱቦው ውስጥ ሲደርስ ልዩነቱ በዓይን ይለያል። የሞላሁት ሲገዛ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚፈላ የውድድር ዘይት ሲሆን፣ እሱም እርጥበት ስለሚስብ መም ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ ጥቂት አፍስሼ አየር መኖር አለመኖሩን አያለሁ። ከሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም።

ዘይቱን ስቀይር ግን ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ። በቀኝ ፊት ጎማ በኩል የውስጠኛው ሸራ ሊያልቅ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው የውጪው ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ነበረው። የዚህች መኪና ካሊፐር ባለ አንድ ፒስተን ተንሸራታች ነው፦ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ሲገፋ፣ አካሉ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የውጪውን ይስባል። አንደኛው ፒን ዝጎ በመያዙ ሥራው ሁሉ በአንዱ ሸራ ላይ ወድቆ ኖሯል። አራቱንም ካሊፐሮች ፈትቼ፣ ፒኖቹን አጽድቼ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀባሁ፤ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ጎሚኒዎች በሙሉ ለወጥኩ፤ ዝገት የበላቸውን ሁለት ፒስተኖችም በአዲስ ተካሁ። ከሠራሁት ሁሉ ለዓይን የማይታየው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ለሠላሳ ዓመት መኪና ከዚህ የሚቀድም ማሻሻያ የለም። ያረጁትን የጎማ ቱቦዎች የብረት ሽሩባ በለበሱ ቱቦዎች የተካሁትም በዚያው ሥራ ላይ ነው።

ሸራን በተመለከተ፣ የመንገድ ሸራ ገና በመጀመሪያው እግር ሲነካው ይይዛል፣ ድምፅም የለውም፣ ነገር ግን የመም ሙቀት አይችልም። የመም ሸራ በተቃራኒው እስኪሞቅ ድረስ አይነክስም፣ ይጮኻል፣ ዲስክንም ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ዝናብ በሚጥልበት ጠዋት በእሱ እየነዱ ወደ ሥራ መሄድን አልመክርም። እኔ ሁለት ስብስብ ይዤ ቦታው ስደርስ እቀይራለሁ። አዲስ ሸራ ሲገባ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ፣ ቀስ በቀስ እየጠነከሩ ደጋግሞ ፍሬን መርገጥና ከዚያ ሳይረግጡ እየነዱ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ከሸራው ስስ ንብርብር በዲስኩ ፊት ላይ እኩል ይለጠፋል። ይህ ሳይደረግ የተነዳ ዲስክ በኋላ ሲንቀጠቀጥ ብዙዎች ጠመመ ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሸራው ያለ እኩልነት ተለጥፎበት ነው።

የዲስክ ስፋት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የነበረው ፍሬን ጎማውን ማቆለፍ ከቻለ፣ በአንድ አረጋገጥ የሚቆምበትን ርቀት የሚወስነው ጎማው መንገዱን የሚይዝበት መጠን ነው፤ ትልቅ ዲስክ የሚጨምረው ሙቀት የመሸከም አቅምን ነው። ባለ 1.6 ሊትሯ ኤምኤክስ-5 ከፊት 235፣ ከኋላ 231 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲኖራት፣ የእኔዋ 255 እና 251 አላት፤ የ1.6 ባለቤት የ1.8ን ፍሬን ከፊትም ከኋላም ቢገጥም የፊትና የኋላውን ሚዛን ሳያፋልስ ያሻሽላል። ፊቱን ብቻ በትልቅ ካሊፐር መተካት ግን ፊተኞቹ ጎማዎች ቀድመው እንዲቆልፉ፣ ኋላውም ድርሻውን እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ኋላውን ከልክ በላይ ማጠንከር ነው፤ ኋላ ጎማ ቀድሞ የቆለፈበት መኪና ይሽከረከራልና። ሰፋፊ ፒስተኖች ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ብዙ ዘይት ስለሚጠይቁ የፔዳሉም ጉዞ ይረዝማል።

እኔ ዲስኮቹን ሳልቀይር የአየር ማስገቢያ ቱቦ ከፊት መከላከያው ወደ ዲስኮቹ ዘረጋሁ። አየሩ በዲስኩ አንድ ፊት ላይ ሳይሆን ወደ መሐሉ መመራት አለበት፤ ክፍተት ያለው ዲስክ ሲሽከረከር አየሩን ከመሐል ስቦ ወደ ዳር ይገፋዋልና። አሁን ሃያ ደቂቃ ስነዳ ፔዳሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙር አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳልነካ በዝግታ እነዳለሁ፤ ከቆምኩ በኋላም የእጅ ፍሬን አልስብም፣ በጋለ ዲስክ ላይ የተጣበቀ ሸራ አሻራውን ይተዋልና፤ መኪናዋን ማርሽ ውስጥ አስገብቼ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ።