የዊልት 100 ነጥብ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌን ብቻውን 100 ነጥብ ያስቆጠረበትን ጨዋታ በሬዲዮ ቅጂ ሰማሁት። የአራተኛው ሩብ ድምፅ ነው። በቴሌቪዥን አልተላለፈም።

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962፣ ሄርሺ፣ ፔንሲልቬኒያ። የዊልት ቡድን ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ኒውዮርክ ኒክስን 169 ለ 147 ረታ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የቅጣት ውርወራው ነው። ዊልት በዚህ ደካማ ነበር፤ በተጫዋችነት ዘመኑ ካገኘው ግማሽ ያህሉን ነው ያስገባው። ያን ምሽት ግን ከ32ቱ 28ቱን! ኳሷን በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚወረውራት። በኋላ አፍሮ ተወው። በጣም ያሳዝነኛል።

መጨረሻ ላይ ጓደኞቹ ሆን ብለው ለእሱ ያቀብሉ ነበር ብለው ጨዋታውን የሚያጣጥሉ አሉ። አልስማማም። በዚያ የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ 50 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው እኮ ነው! ለማን ያቀብሉ ታዲያ?