የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ባቡር

ፎቶ አንሺ ነኝ። ዋናው እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ነው፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ሥራ ይመጣልኛል። ግንቦት ላይ አንድ ድርጅት ደውሎ «የአዲስ አበባን ዳርቻ፣ ሐዲዱን፣ የሰዉን የዕለት ኑሮ አሳየን» አለኝ። ለ13ቱ ወር 13 ፎቶ። ያደግኩት አቃቂ ከአሮጌው ሐዲድ ብዙም ሳልርቅ ስለሆነ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያው አቃቂ ሠራሁ። ይሄ ፈረንሳዮች የሠሩት፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል 1 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ነው። ባቡር ካለፈበት ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰዉ መንገድ አድርጎታል፣ ልጆች ብረቱ ላይ እየተንገዳገዱ ይሄዱበታል። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበርኩ።

ሰፊ፣ ብዙ ቦታ በአንዴ የሚይዝ ሌንስና ሐዲድ በጣም ይዋደዳሉ። 16 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥማችሁ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ካሜራውን ከብረቱ አንድ ስንዝር ላይ ብታደርጉት እግራችሁ ሥር ያለው ብረት እንደ ግንድ ይገዝፋል፣ ከዚያ ሁለቱ መስመሮች እየጠበቡ ሄደው አድማሱ ላይ አንድ ይሆናሉ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ 8 ላይ፣ ፎከሱን 1 ሜትር ገደማ ላይ ካደረጋችሁ (ፉል ፍሬም፣ ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም የሚያህል ካሜራ ከሆነ ማለቴ ነው) ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ሰማይ ዳር ሁሉም ጥርት ብሎ ይወጣል። ፎከስ ፍለጋ ስለማትቸገሩ ዓይናችሁ ሰዉ ላይ ይሆናል። ለዕለት ኑሮ ፎቶ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሰውን ግን ጠርዝ ላይ አታስቀምጡ። ሐዲዱ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። በመጀመሪያው ፎቶ ወደ ጥግ አድርጌያቸው ነበርና ስክሪኑን ሲያዩ «ልጄ፣ እጄ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሌንሱ ስፍሪያ የያዘ እጃቸውን ጎትቶ አስረዝሞታል። ወዲያው አጠፋሁትና መሀል አድርጌ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብዬ ደግሜ አነሳኋቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ለቡ ወጣሁ፣ ወደ አዲሱ መስመር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር የሆነው፣ በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራው። ከረዳቴ ጋር ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከብት የሚሻገርበት ቦታ ደረስን። ፈቃድ አልጠየቅኩም፣ የባቡሩን ሰዓትም አላጣራሁም። ረዳቴን ጉብታው ላይ አቆምኳትና ሐዲዱ መሀል ገብቼ ተንበረከክኩ፣ ልክ አቃቂ እንደማደርገው።

በግራ በኩል ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ላሞቹን ይዞ ቆሟል። ብርሃኑ ከጎን ነው፣ ብረቱ ያበራል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጭል ጭል የምትል ነጥብ አየሁ። ባቡር! ገና ሩቅ ነው ብዬ፣ ትንሽ ቀረብ ይበል ብዬ፣ ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሳ መጠበቅ ጀመርኩ።

ልጁ ጮኸ። በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ መሰለኝ፣ ቃሉን አልለየሁትም፤ ላሞቹን የሚያባርር ነው የመሰለኝ። ከዚያ ጅራፉን አጮኸው። እሱ ነው ያባነነኝ። ካሜራውን ከዓይኔ ዝቅ አደረግኩ። ባቡሩ እዚያ አድማስ ላይ አልነበረም፣ እዚህ ነው ያለው፣ ግንባሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ጥሩንባውም ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። እንዴት ጉብታው ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። የጭነት ባቡር ነበር፣ ኮንቴይነር ከኮንቴይነር ኋላ እየተከታተለ ሲያልፍ መሬቱ ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቴ እያለቀሰች ክንዴን ይዛኛለች። እሷም ባቡሩ ከፊት ስለሚመጣ ድምፁን የሰማችው ዘግይታ ነው፣ ደግሞ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ የመጨረሻዋን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አየኋት። ባቡሩ ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል። ይሄን ሥራ ስሠራ ስንት ዓመቴ ነው፣ ሌንሱ ይሄን እንደሚያደርግም አውቃለሁ፤ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ይገፋል። 16 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ለዓይናችን እይታ ከሚቀርበው ከ50 ሚሊሜትሩ ጋር ሲነጻጸር ነገሩን ሁሉ በሦስት እጥፍ ግድም ያሳንሳል። 300 ሜትር ላይ ያለ ባቡር አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ የቀረው ይመስላል ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ደግሞ በአንዲት ሴኮንድ 22 ሜትር ይበላል፣ 300 ሜትሯን በ14 ሴኮንድ ይጨርሳታል። ፍሬን ቢይዝም የተጫነ ባቡር መኪና አይደለም፣ መቶዎች ሜትር ሄዶ ነው የሚቆመው። ይሄንን ሁሉ የማውቀው ለፎቶው ውበት ስል ነበር እንጂ ለነፍሴ አስቤው አላውቅም። ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ልማዴ ነው። ባቡር የማያልፍበት ሐዲድ ላይ አድጌ፣ ሐዲድ ማለት የሚተኛበት ቦታ ነው ብሎ ሰውነቴ ተምሯል።

ጠዋት ለድርጅቱ ደወልኩና ከአዲሱ መስመር ላይ ፎቶ እንደማላመጣ ነገርኳቸው። «ሐዲዱ መሀል ካልሆነ አይደምቅም» አሉኝ። አልተስማማሁም። የሐዲዱን ፎቶ ከአቃቂ፣ የአዲሱን ባቡር ደግሞ ከአጥር ውጭ ከመኪና መንገድ ዳር በ24 ሚሊሜትር አነሳሁላቸው፣ ተቀበሉኝ። ትሪፖዴን ከፍ አድርጌ ማንሳትም ትቻለሁ፣ ምክንያቱም ያ ከአዲሱ ሐዲድ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳትነኩት፣ ስትቀርቡት ብቻ ሊመታችሁ ይችላል። ረዳቴ አሁን ካሜራ አትመለከትም፣ እኔንም አትመለከትም። መንገዱን ብቻ ነው የምታየው፣ «ና» ካለች ሳልጠይቅ እመጣለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጁን ፎቶ አሳጥቤ ወሰድኩለት። በዚያ ጠዋት ወደ ሐዲዱ ከመግባቴ በፊት ያነሳሁት ነው፣ ላሟ ከፊት፣ እሱ ከጎኗ፣ ቤታቸው ከኋላ። ያጎቱ ልጆች ተሰበሰቡ። ረጅም ጊዜ አየውና «ጋሼ፣ ቤታችን ለምን ራቀ?» አለኝ።

ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥዬ በሌንሱ ውስጥ እንዲያይ ሰጠሁት። ቤቱን አየ፣ ዝቅ አድርጎ በዓይኑ አየ፣ እንደገና ከፍ አደረገ።

«እዚህ ውስጥ ነው የራቀው» አለ፣ «እዚያ ግን ቅርብ ነው።»