ገና ሳልገባ «ቻው» አለኝ

በሩን የከፈተልኝ የ16 ዓመት ረጅም ልጅ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ። ከአዲስ አበባ ሮም ሌሊቱን በርሬ፣ በባቡር ሄጄ፣ በመኪና ሄጄ፣ ሦስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ፣ ልጁ ፈገግ ብሎ «ቻው» አለኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በእኛ ሰፈር ቻው የሚባለው የሚሄድ ሰው ነው። ይሄ ልጅ ገና ሳልገባ እየሸኘኝ ነው እንዴ? መኪናዋን አቁማ ከኋላዬ የመጣችው እናቱ ናት እየሳቀች ያስረዳችኝ። ለካ ጣሊያኖች ሲገናኙም ቻው፣ ሲለያዩም ቻው ነው። እኛ ግማሹን ብቻ ነው የወሰድነው።

እህቴ በደርግ ጊዜ ለሥራ ወጥታ እዚያው ቀረች። አገባች፣ ወለደች፣ ባሏንም እዚያው ቀበረች። አምና ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ቀጠሮ ሲያዝላት ደወለችልኝ። እኔ 30 ዓመት ጋራዥ የኖርኩ መካኒክ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ጣሊያንኛማ ጭራሽ። «እትዬ፣ እዚያ መጥቼ ዲዳ ልሆን ነው?» አልኳት። «አንተ ብቻ ና፣ ወንድሜ» አለች።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አላወራም። ለሸንገን ቪዛ እሷ የግብዣ ደብዳቤ ላከች። እኔ የባንክ ማስረጃ፣ የሥራ ማስረጃ እና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ አያያዝኩ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ደብዳቤው ላይ ያለው ስምና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። እኔ ስሜን በስልክ ነገርኳት፤ እሷ እንደመሰላት ጻፈችው። ሁለተኛ ደብዳቤ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ተቃጠልኩ። ፎቶ አንስቼ ብልክላት ምን ነበረበት?

ለቋንቋው ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ደብተር አዘጋጀችልኝ። ጣሊያንኛውን ከስልኳ እያየች በእኛው ፊደል ጻፈችው። «ዶቬ» የት፣ «ኳንቶ» ስንት፣ «ኡሺታ» መውጫ። አርባ ገጽ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአርባው ውስጥ በደንብ የሠራችልኝ የመጨረሻዋ ናት። የእህቴ አድራሻና ስልክ ቁጥር በላቲን ፊደል በትልቁ የተጻፈባት። እሷን ማሳየት መናገር አይጠይቅም።

ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ስደርስ መጀመሪያ ያነበብኩት «ካምቢዮ» የሚል ሰሌዳ ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ ደግሞ ማን ማርሽ ይቀይራል አልኩ በሆዴ። ገንዘብ መመንዘሪያ ነው። ከዚያ የእህቴ ልጅ እንዳዘዘችኝ ቀጥታ ወደ ሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ተርሚኒ፣ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። 32 ደቂቃ ነው፤ መሃል ላይ አይቆምም። ርካሽ ባቡር አለ፤ ግን መውረጃዬን ብስት ማንን እጠይቃለሁ? ቋንቋ የሌለው ሰው ጥቂት ዩሮ ጨምሮ የማይቆመውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ተርሚኒ ላይ «ፍሬቻሮሳ» የሚባለውን ፈጣን ባቡር አየሁት። ፍሬቻ! ለካ ቀስት ማለት ኖሯል፤ ባቡሩ «ቀይ ቀስት» ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ደግሞ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል። ቺንኳቼንቶን ከፊያት መኪና አውቀዋለሁ፤ 500 ነው። «የምን አምስት መቶ?» ስላት የእህቴ ልጅ ትንሽ አፈር አለች። በ1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለጨረሳቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ከፒያሳ ተነስቼ ፒያሳ ገባሁ፤ እሱም የአሉላ ሥራ ነው። ሻንጣዬ ራሱ ቀለለኝ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ቋንቋ የጎዳኝ ቤት ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ግማሽ በግማሽ ነው። ልጁ «ቡና» እና «እንጀራ» ከማለት አያልፍም። እህቴ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ገባች፣ እናቱ ቀን ቀን ሥራ ናት። እኔና እሱ ቀረን። ስልክ ይተረጉምልናል፤ ግን ሁለታችንም የምናየው ስልኩን ነው። ምሳ አሙቆ ይሰጠኛል፣ «ግራሲዬ» እለዋለሁ፣ ከዚያ ዝም። የሥጋ ዘመድ ጋ ተቀምጦ ዝም ማለት ከባዕድ ጋር ዝም ከማለት ይከብዳል።

በማግስቱ የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ «ኦስፔዳሌ፣ 3» ብላ ጽፋልኝ ሄደች። እኔ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ለእነሱ ገና 9 ነው። የተባለው ከሰዓት በኋላ ኖሯል። ዘበኛው ብዙ አወራኝ። እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እ!» እያልኩ አዎን አልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። ሮጦ ወንበርና ውሃ አመጣልኝ። ትንፋሽ ያጠረኝ መስሎታል! እዚያው ወንበር ላይ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት የሚጽፍልኝን ሁሉ «15:00» ብላችሁ ጻፉ እላለሁ።

እህቴ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ከግቢው የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ይነሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። በሽታውን ሳልወርድ አወቅኩት። ልጁ ስኩተሩ ላይ አቀርቅሯል። ጠጋ ብዬ «ካንዴላ» አልኩት።

ቀና አለ። «ካንዴላ?»

«ካንዴላ!»

ሮጦ የመሣሪያ ሳጥን አመጣ። ካቻቢቴ ስለው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ስለው ፒንሳ ያቀብለኛል። ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረው ካንዴላ ጥላሸት ለብሳለች። ብርጭቆ ወረቀት ስፈልግ ግን ቃል አጣሁ፤ ጣቴን በጣቴ እየፋቅኩ አሳየሁት። «ካርታ ቬትራታ!» አለ። ማታ እናቱን ብጠይቃት ትርጉሙ ያው የብርጭቆ ወረቀት ነው። የሆነ የድሮ መካኒክ ቃል በቃል አማርኛ አድርጎልን ይሆናል።

ስኩተሯ ስትነሳ ልጁ አቀፈኝ። ከዚያ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ፈተና ሆነ። እኔ ስፖኪዮ ስል እሱ «ስፔኪዮ»፣ እኔ ፓራውልት ስል እሱ «ፓራኡርቲ»። ፖርቶመጋላ ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ የእነሱ «ፖርታባጋሊ» ነው። ካላማዳሪያ «ካሜራ ዳሪያ» ናት፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። 30 ዓመት ስነፋት ስሟን አላውቅም ነበር። እንዲያው ደብተሩ ላይ ከምደክም ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ቃላት ጽፌ ብሄድ ኖሮ ሦስት ቀን ዝም ባላልኩ። ልብስ ሰፊ ከሆናችሁ ከመርፌና ከክር፣ ወጥ ሠሪ ከሆናችሁ ከድስት ጀምሩ። እጃችሁ የሚያውቀውን ነገር ሰው ቶሎ ይረዳላችኋል።

እህቴ በምርኩዝ ስትመለስ ሁለታችንም እጃችን ግሪስ ነበር። ልጁ «ዚዮ፣ ዚዮ» እያለ ይጠራኛል፤ አጎቴ ማለቱ ነው። አየችን አየችንና፣ «እኔ ስንት ዓመት ለፍቼ የተማርኩትን ቋንቋ አንተ ካቻቢቴ ይዘህ ገባህበት?» አለች።

ዘንድሮ ለክረምት እሱ ሊመጣ ነው። እኔም ደብተር እያዘጋጀሁለት ነው፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል። የጎረቤቴ ልጅ ትጽፋለች፣ እኔ አዛለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ያስጻፍኩት ይሄን ነው፦ እዚህ ቻው የሚባለው ስትሄድ ብቻ ነው።