ደወሉና የአባቴ መርከብ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ አባባን ግሮተን ወስጃቸው ነበር። ቤት ስንገባ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ "ወረቀት አምጪልኝ" አሉኝ። አሁን ሳሎን ተቀምጠው እየጻፉ ነው። እኔም ማዕድ ቤት ሆኜ ይህን እጽፋለሁ።

ግሮተን ከምንኖርበት ከሀርትፎርድ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ቴምዝ ወንዝ ዳር የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰርጓጅ መርከቦች ሙዚየም አለ። መግቢያው በነፃ ነው። አባባ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። አሜሪካ ከመጡ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አንድም ቀን ወደዚህ ቦታ አልወሰድኳቸውም። ስለ ባሕሩ ማውራት የማይፈልጉ ይመስለኝ ነበር። ስለ ምጽዋ ስንጠይቃቸው "ሙቀቱ ኃይለኛ ነበር" ይሉና ዝም ይላሉ። እኛ ልጆቻቸውም ያደግነው ይህችን ብቻ ሰምተን ነው።

ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። ትንሹ የሆላንድን ስፋት ያሳያል። ሆላንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1900 የገዛት የመጀመሪያዋ ዘመናዊ ሰርጓጅ መርከብ ናት (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ትልቁ ቀለበት ደግሞ ኦሃዮ የሚባሉትን ግዙፎች ስፋት ያሳያል። አባባ ቀና ብለው ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አስተያዩ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚመጣው ናውቲለስን ለማየት ነው። በኑክሌር ኃይል የተንቀሳቀሰች የመጀመሪያዋ መርከብ እሷ ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ውኃ ውስጥ የሚሄዱት በባትሪ ስለነበር፣ ናፍጣ ሞተራቸውን አስነስተው ባትሪውን ለመሙላት አየር ወዳለበት መውጣት ነበረባቸው። እሷ ግን እዚያው ታች መቆየት ቻለች። ኦገስት 3 ቀን 1958 ላይ 116 ሰዎች ይዛ ከበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ አለፈች።

ወደ ውስጧ የሚያስገባው ደረጃ ቁልቁል ነው፤ ለአባባ ጉልበት ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣ ሁለቱን መደገፊያዎች ይዘው፣ ልክ እንደ ድሮው ወረዱ። እጃቸው የት እንደሚይዝ ያውቃል። ውስጡ ጠባብ ነው። አልጋዎቹ እንደ መደርደሪያ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል። መመገቢያ ክፍሉ ጋ ስንደርስ አባባ ቆሙ። "እኛም እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ነበር የምንበላው" አሉ። ስለ መርከባቸው ሲያወሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚያ የሚያስተናግዱት አሁንም በሥራ ላይ ያሉ የባሕር ኃይል አባላት ናቸው። አንዱ ልጅ እግር መርከበኛ አባባን ጠጋ ብሎ ያገለግሉ እንደነበር ጠየቃቸው። አካሄዳቸውን አይቶ ይሆናል። "አዎ፣ ኢትዮጵያ፣ ቀይ ባሕር" አሉት በእንግሊዝኛ። ልጁ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። አባባም መለሱለት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ናውቲለስ ውኃ ላይ ናትና ብረቷ ይበላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተጎትታ ለእድሳት ሄዳ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶባት፣ በ2022 ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ይህን ስነግራቸው አባባ አካሏን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና "ሰው አላት" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለጠፉት መርከቦች የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ነበር። አርማ የተሰፋበት ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሁሉም የቀድሞ የሰርጓጅ መርከብ ሰዎች ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው። የአንዲት መርከብ ስም ይነበባል፣ ደወል አንድ ጊዜ ይመታል፣ ዝም ይባላል። ከዚያ ሌላ ስም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ አሜሪካ 52 ሰርጓጅ መርከቦችና ከ3,500 በላይ ሰዎች አጥታለች። እነዚህ ሽማግሌዎች "ሞቱ" አይሉም። "ዘላለማዊ ቅኝት ላይ ናቸው" ይላሉ። አስከሬን ያልተገኘለት ሰው ቤተሰብ ይህ ቃል ምን እንደሚያሳርፈው የገባኝ ዛሬ ነው።

አባባ በየደወሉ "ነፍስ ይማር" ይሉ ነበር። 52ቱንም ጊዜ።

ከጦርነቱ በኋላ የጠፉትም አሉ። ትሬሸር ኤፕሪል 10 ቀን 1963 በጥልቀት ሙከራ ላይ ሳለች ሰጠመች። 129 ሰዎች ነበሩባት፤ 17ቱ ሲቪሎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ውኃ እንዳይገባና መርከቧ መውጣት እንዳያቅታት፣ እያንዳንዱ ቧንቧና ብየዳ በጥብቅ የሚመረመርበት ሥርዓት ተዘረጋ። በ1968 ስኮርፒዮን 99 ሰዎች ይዛ ስትጠፋ ያን ምርመራ ገና አላለፈችም ነበር። ያለፈ አንድም መርከብ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የነዚያ 129 ሰዎች ስም መጠራቱ ለሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኛል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባ ብዙ አወሩ። የሠሩባት መርከብ ስሟ "ኢትዮጵያ" ነበር። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ነበረች፤ ያኔ "ኦርካ" ትባል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ላይ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። በ1962 ለእኛ ተሰጠችና የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆነች፤ ስንቱ መርከበኛ ሥራውን የተማረው በእሷ ላይ ነው። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

"ደወሏስ የት ገባ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።" ከዚያ ብዙ ቆይተው፣ "ሰዎቹንስ ማን ይጠራቸዋል?" አሉ።

ወረቀቱን የጠየቁት ለዚህ ነው። አብረዋቸው ያገለገሉትን እየጻፉ ነው፤ በሕይወት ያለውንም፣ ያለፈውንም፣ የት እንደደረሰ ያልታወቀውንም። ቡና ላቀርብላቸው ስገባ አየሁት። የጽሑፋቸው መስመር አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የሥራ ክፍል። አሥራ ስድስት ደርሰዋል። አሥራ ሰባተኛው ላይ "የሞተር ክፍል" ብለው ስሙን ክፍት ትተውታል።

አሁን ስልክ ሲደውሉ እሰማለሁ። ዋሽንግተን ላለው የድሮ ጓደኛቸው ነው። "ያ ቀጭኑ፣ ክራር የሚመታው… የአባቱ ስም ማን ነበር?"