አንገቴ ያስገደፈኝ ጾም

አጎቴ በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ ነው የተማረው። ስለ እርጎዋና ስለ ጽጌረዳዋ ሲያወራ አድገናል። ዋናውን ነገር ግን አልነገረኝም።

ከጀርመን አንድ ቡልጋሪያዊ የሥራ ባልደረባዬን ተከትዬ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ሄድኩ። "ባባ ቤት ነው የምናርፈው" ሲለኝ አባቱ መስሎኝ ክራባት ገዛሁ። በሩን የከፈቱልን ሽርጥ የታጠቁ አሮጊት ናቸው። ለካ ባባ ማለት ሴት አያት ነው። ክራባቱ ከሻንጣዬ ሳይወጣ ቀረ።

ቀኑ የካቲት 22፣ በእነሱ ማርች 1 ነበር። ባባ ገና ከመግባቴ እጄን ያዝ አድርገው ቀይና ነጭ ክር አሰሩልኝ። "ቼስቲታ ባባ ማርታ!" አሉኝ። ይቺ ማርታ ደግሞ የወሩ አያት ናት፤ ስትስቅ ፀሐይ ይወጣል፣ ስትቆጣ ይበርዳል። ክሩ ማርቴኒጻ ይባላል። ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ እስክታይ አትፈታውም። ማተብ ላሰረ ሰው ብዙም እንግዳ አይደለም።

ጓደኛዬ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው።

ባባ የባቄላ ሾርባ ድስት ከፍተው አሳዩኝ። እነሱም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፋሲካችንም አንድ ቀን ነው። የጾም ምግብ! በደስታ ራሴን ከላይ ወደ ታች ነቀነቅኩ። ድስቱን ከደኑት። ቀጥሎ ኬባፕቼ መጣ፤ የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው። ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። ፊታቸው በራና ሦስት አስቀመጡልኝ። አጥብቄ ወዘወዝኩ። አምስት ሆነ። ራኪያ ቀዱ። ራኪያ የአረቄያችን የሥጋ ዘመድ ነው፣ ስሙም እሳቱም። እሱንም እምቢ አልኩ። እስከ አፉ ሞሉልኝ።

"ውሃ ልስጥህ?" መሰለኝ፣ ጆግ አነሱ። አሁንስ በአንገት አላምንም ብዬ እንደ አገሬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ "እህ!" አልኩ። ታነቀ ብለው ጀርባዬን ይደልቁኝ ጀመር።

እምቢ ማለት ካልተቻለ ምን ይደረጋል? የእንግዳ ነገር ሆኖ በላሁት። (ጣፍጦኛል፣ እሱን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።)

ጓደኛዬ ሲመለስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እዚህ አገር ግራና ቀኝ "አዎ" ነው። ከላይ ወደ ታች "አይ"።

ከሰዓት በኋላ ሆዴን ተሸክሜ አሮጌውን ከተማ ዞርኩ። የ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማውያን ቴአትር ዛሬም ትርኢት ይታይበታል። ዋናው የእግረኛ መንገድ ሥር ደግሞ ሙሉ የሮማ ስታዲየም ተቀብሯል። ከተማዋ የሰባት ኮረብታ ከተማ ትባላለች። ብትቆጥሩ ግን ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛው ለድንጋይ ተፈልጦ አልቋል። ኮብልስቶን እኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ተዘጋጅቼ ተነሳሁ። ባባ ሽከምቤ ቾርባ አቀረቡ፤ የጨጓራ ሾርባ ነው፣ ማታ ለጠጣ ሰው መድኃኒት ይሉታል። በልበ ሙሉነት፣ ልክ እንደ ቡልጋሪያ ሰው፣ ከላይ ወደ ታች ነቀነቅኩ። አይ ማለቴ ነው። ባባ ግን ማታ ከልጅ ልጃቸው ትምህርት ወስደዋል። ለእንግዳው ሲሉ በእኔ አገር ሕግ ተረጎሙት። እስከ ጫፉ ሞሉልኝ።

ሳህኑ ግማሽ ላይ ሳለሁ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። "ልጄ፣ ሰው አገር ብለህ ጾሙን እንዳትተወው። እየጾምክ ነው አይደል?"

ራሴን ነቀነቅኩ። በየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።